የዓም ኢድሪስ መኪና የመጨረሻ ጉዞ

ባለፈው ሳምንት፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ልጄ ዘነበች ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። አባቷ አዳነ ምሳ ቀርቦለት ኪስራውን፣ የሱዳኑን ስስ የማሽላ እንጀራ፣ በባምያ ወጥ እያጠቀሰ ነበር።

«እማ፣ ነይ እዪ! የዓም ኢድሪስን መኪና አገኘኋት!»

ዓም በዓረብኛ አጎት ማለት ነው፤ እሷ ዓም ኢድሪስን በስም እንጂ በመልክ አታውቀውም። መኪናዋንም ቢሆን የምታውቃት በኮፈኗ ብቻ ነው። ኮፈኗ ዛሬ የፍየሎቻችን ማደሪያ ጣሪያ ነው። ዝናብ ሲመታው ከቆርቆሮ ለየት ያለ፣ ወፈር ያለ ድምፅ አለው።

ስልኩ ውስጥ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ በቤቱ ግቢ ቆሞ፣ ቁርጥ የእኛዋን የምትመስል ባለ ሁለት በር፣ ረጅም አፍንጫ የአሜሪካ መኪና በጨርቅ ይወለውላል። ምን እንደሚል አይገባኝም። ልጄ ግን፣ «እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው እኮ፤ አሮጌ መኪና ያገኙና ቤታቸው ውስጥ ሠርተው ሠርተው አዲስ ያደርጓታል። ለሥራ አይደለም፣ ለፍቅሯ ነው» አለችኝ። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ አሳየ፣ እጁን ጠረገ፣ ገብቶ አስነሳት።

ያ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ እንደ ሳል፣ ከዚያ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ የሚመስል ጉርምርምታ። አዳነ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ብድግ ብሎ ወጣ። እኔ ደግሞ ሳላስበው እጄን ዘርግቼ የልጄን ጉንጭ ዳበስኩ። ደረቅ ነበር። ምን ያስለቅሳታል፣ መድረቁ ደግ ነው። እንደገና ግን ዳበስኩት።

«ምን ሆንሽ እማ? አባስ ምን ሆኖ ወጣ?»

እስከዚያ ቀን ቁጭ ብለን ነግረናት አናውቅም። ስንነግራትም እንቆርጠዋለን፤ «ታመሽ ነበር፣ በመኪና ወሰድንሽ፣ ዳንሽ» ብለን እናልፈዋለን። ያን ቀን ግን ስልኩን አጥፊና ተቀመጪ አልኳት።

ቀኑ የስቅለት ዓርብ ነበር። ዘነበች ገና እየወደቀች የምትነሣ፣ ሁለት ቃል የማትሞላ ልጅ ናት። ሌሊቱን ሆዷ ሲሄድ፣ የጠጣችውን ሁሉ ስትመልስ አደረች። ጎህ ሲቀድ ስታለቅስ ሰማሁና አነሳኋት። አፏ ተከፍቷል፣ ፊቷ ተጨማዷል፣ ድምፅዋም ይወጣል፤ ጉንጯ ላይ ግን እንባ የለም። በጣቴ ዳበስኩት። እንደ ወረቀት ደርቋል። የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ ለቀቅሁት፤ እንደታጠፈ ጨርቅ ቆሞ ቀረ።

ያንን ምልክት ሐኪም አላስተማረኝም። ከዘነበች በፊት ይርጋ የሚባል ልጅ ነበረኝ። ቁረይሻ በሚባለው የሱዳን የእርሻ አገር ሰሊጥ በማረም ላይ ሳለን፣ በክረምቱ መካከል ታመመብን። የዚያን አገር ጥቁር አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዝናብ ከጠጣ በኋላ ትራክተር ይውጣል። አዳነ ልጁን በትከሻው አድርጎ፣ እኔ ጫማዬን ጭቃው አስቀርቶብኝ ከኋላው እየተጎተትኩ፣ ዋናው መንገድ ዳር ስንወጣ ይርጋ ዝም ብሎ ነበር። ዝም ከማለቱ በፊት እሱም እንደዚሁ ያለ እንባ አልቅሷል። ያኔ አላወቅሁም። «እንግዲህ ተሻለው፣ ማልቀሱን ተወ» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ ያን ዓርብ ጠዋት ምን እንደመጣብኝ በደንብ አውቄዋለሁ።

«አዳነ፣ ተነሥ! እንባ የላትም» አልኩት።

እሱም ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃልና ወዲያው ተነሣ።

አሁን ስለ መኪናዋ ልንገርሽ አልኳት ልጄን፤ ምክንያቱም ያለሷ አንቺ የለሽም።

ዓም ኢድሪስ እዚህ ሱዳን፣ በገላባትና በገዳሪፍ መካከል ባለው መንደራችን ጎረቤታችን ነበር። ሱዳናዊ ነው። በወጣትነቱ የጭነት መኪና እየነዳ ጎንደር ድረስ ስለተመላለሰ አማርኛ ይሞክራል፤ ለሴትም ለወንድም «አንተ» ነው የሚለው። በኋላ የገዳሪፍ ትልቅ የሰሊጥ ነጋዴ ሾፌር ሆነ። መኪናዋን ነጋዴው በመርከብ አስመጣት፤ ከፖርት ሱዳን ገዳሪፍ ድረስ ነድቶ ያመጣት ራሱ ዓም ኢድሪስ ነው። ስለዚያ መንገድ ሲያወራ አይጠግብም ነበር። ሕፃናት ከየመንደሩ እየወጡ እንዴት እንዳጀቡት፣ ግመሎቹ እንዴት እንደበረገጉ ይነግረናል። ነጋዴው ሲያረጅ መኪናዋ መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ክምር ኋላ ተረሳች። ሲሞት ልጆቹ፣ «አባታችን ላንተ ብሏታል፣ ውሰዳት» አሉት። በዚያን ጊዜ ግን ዓም ኢድሪስ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለየው። መኪናዋን ያገኛት ሊያያት በማይችልበት ጊዜ ነው።

አዳነ በትራክተሩ ተሳቢ ጭኖ አመጣለት። ኒሙ ዛፍ ሥር በብሎኬት ላይ አቆሟት። ጎማ የላትም፣ መስታወቷ ተሰንጥቋል፣ ወንበሯ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ የነበረው የወሎው ኑሩ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አያትና፣

«ዓም ኢድሪስ፣ ይቺ ከተነሣች የሱቄን በር ነቅዬ ለሷ ቤት እሠራላታለሁ» አለ።

«ሚስማሩን ከዛሬ ጀምረህ አቃና፣ ያ ኑሩ» አለው ዓም ኢድሪስ፤ ሰው ሲጠራ እንደ አገሩ «ያ» ያስቀድማል።

ይርጋን ከቀበርን ጀምሮ አዳነ ከሰው ጋር መጫወት ትቶ ነበር። ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔም የማለቅሰው እሱ በሌለበት ነበር፤ እሱም ምናልባት እኔ በሌለሁበት። መኪናዋ ከመጣች በኋላ ግን እጁ ሥራ አገኘ። አዝመራው አልቆ ትራክተሩ ሲቆም ቀኑን ሙሉ ከኒሙ ሥር አይጠፋም። ዓም ኢድሪስ የገመድ አልጋው ላይ ተቀምጦ በቃሉ ይነግረዋል፣ አዳነ ይፈታል። ብሎኑን ሁሉ በእኔ ሳፋ በነጭ ጋዝ ያጥቡታል።

«ሳፋዬን ደግሞ ዛሬም ወሰዳችሁት? ልብሱን በምን ልጠብ?»

«ማዓለሽ፣ ማዓለሽ፣ ግድ የለም» ይላል ዓም ኢድሪስ። «ልብስ ነገ ይታጠባል። ይቺ ግን ዛሬ ካልታጠበች ትቆጣለች።»

በብረቶቹ መጋጠሚያ መካከል የሚገባውን ጓርኒሲዮን ከጫማ ካርቶን ይቆርጣሉ። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ። የጠፋውን ከገዳሪፍ የወዳደቀ ብረት መሸጫ፣ ከሌላ መኪና የተነቀለ አምጥተው እየሞረዱ ያስገቡታል። ዓም ኢድሪስ እያንዳንዱን ብረት በመዳፉ ይመዝነዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፣ አንዳንዴም ያሸተዋል። «ይሄ የግራው ነው፤ ገልብጠህ አስገባ» ይላል። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ሰሌን ላይ ተዘርግቶ ሲታይ የአንድ መንደር ዕቃ ያህል ነው። እኔ እየዘለልኩት እመላለስ ነበር። መቼም ይገጠማል ብዬ አላሰብኩም። በዚህ መካከል ዘነበች ተወለደች፤ ኒሙ ሥር ሰሌኑ ዳር ላይ መዳህ ጀመረች፤ መጀመሪያ አፏ የገባው ነገር ብሎን ነው። ዓም ኢድሪስም ከዚያ ወዲህ እኔን «አንተ ኡም ዘነበች»፣ የዘነበች እናት፣ ማለት ጀመረ።

ሞተሯ የተነሣችው ጥር ላይ፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ በማለዳ ነው። አዳነ ቁልፉን አዞረ፤ አስነጠሰች፣ ጭስ ተፋች፣ ጠፋች። ደገማት። ከዚያ ያ ጉርምርምታ ግቢውን ሞላው። ዶሮዎቹ አጥሩን ዘለሉ። ኑሩ ከማዶ የሱቁን በር በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወላሂ ቀልዴን ነው! በሬን አትንኩብኝ!» እያለ ይጮሃል። ዓም ኢድሪስ አልሳቀም። ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አስደግፎ፣ የታመመ ሰው ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም፣ ብዙ ቆየ። አዳነ ወደ እኔ ዞሮ ሲስቅ አየሁት። ጥርሱን ካየሁት ዘመን ሆኖኝ ነበር።

«ለኢድ ገዳሪፍ ገበያ በሷ እገባለሁ» አለ ዓም ኢድሪስ። «የቀሩት የድሮ ሾፌሮች እዚያ የሻይዋን ሴትዮ ከበው ነው የሚውሉት። ከሩቅ ድምፅዋን ሰምተው ‹ኢድሪስ መጣ› ይበሉ። ኸላስ፣ በቃ፣ ሌላ አልፈልግም።»

ከዚያ ማስዋብ መጣ። ቀይ ቀባናት። ወንበሯን ከአሮጌ ድንኳን ሸራ ሰፋሁላት። ከፊት ያለው የብረት መከታዋ ጠፍቶ ስለነበር ግን ራዲያተሯ ዝጎ፣ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይታያል። ይህ ዓም ኢድሪስን አሳፈረው፤ አያየውም፣ ግን እኛ እንደምናየው ያውቃል። ኑሩ ከሱቁ አንድ ጣሳ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የበር ቀለም አመጣ። አዳነ ራዲያተሩን በብሩሽ ቀባው። ሲደርቅ ደገመው። ዓም ኢድሪስ በጣቱ ዳሶ፣ «ገና ሻካራ ነው» ሲለው ሌላም ደረበበት። እነዚያ እንደ ወንፊት የቀጠኑ ቀዳዳዎች ሁሉ ተሞልተው፣ ፊቷ ለስላሳ እንደ ሰሌዳ ሆነ። «አማረች» አልን ሁላችንም። አማረችም። ነፋስ የምትስብበትን አፍንጫዋን እንደደፈንን ማናችንም አላሰብንም። ጥር ነበር፤ እስከ መንደሩ ዳር ወስደው ሲመልሷት ምንም አላሳየችም።

እንግዲህ ወደዚያ ዓርብ ልመለስ። የመንደራችን ሐኪም ዘነበችን አያት፣ ቆዳዋን ቆነጠጠ፣ ራሱን ነቀነቀ። የጨውና ስኳር ውሃ በኮዳ በጥብጦ ሰጠኝና፣ «በአፏ ጠብ ጠብ አድርጊላት፤ ግን ይሄ አይበቃትም። በደም ሥሯ የሚገባ እዚህ የለኝም። ገዳሪፍ፣ አሁኑኑ» አለ።

በምን? የማለዳው አውቶቡስ ሄዷል። ቀኑ ጁምዓ ነው፤ የመንደሩ ፒክ አፖች ሰርግ አጅበው ትናንት ወጥተዋል፤ ከገላባት የሚመጡት የጭነት መኪኖች ከሰላት በፊት አይነሡም። አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። አስፋልቱ አዲስ ነበር፣ ጥቁር፣ ከሩቅ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላል። አንድ ነገር አይመጣበትም። ይርጋን ጭቃ ከለከለኝ፤ ዘነበችን ደግሞ ባዶ መንገድ ሊከለክለኝ ነው አልኩ።

ከኋላዬ ያ ድምፅ ተሰማኝ። ዘወር ስል አዳነ መሪ ላይ ነው። ዓም ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ለጁምዓ ታጥቦ፣ ከጎኑ ተቀምጧል። ኑሩ ሁለት ጂርካን ውሃ ከኋላ ወርውሮ፣ «ግቢ የሺ፣ ግቢ! ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ።

«ዓም ኢድሪስ፣ እርስዎ እንኳ ይቅሩ፤ ፀሐዩ…» ስለው፣

«እኔ ካልሰማኋት ማን ይሰማታል? ግባ አንተ» አለኝ።

መጀመሪያ በደንብ ሄደች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ የሚገባው ነፋስ ግን የምድጃ ነፋስ ነው። ግራና ቀኙ የታጨደ የማሽላ እርሻ፣ ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ እስከ ሰማይ ዳር ይታያል። እኔ ከኋላ ሆኜ በማንኪያ የኮዳውን ውሃ እሰጣታለሁ፤ ትመልሰዋለች፤ እንደገና እሰጣታለሁ። በዚያ ሁሉ መካከል ታለቅሳለች። ልቅሶዋ አንጀቴን ቢበላኝም እፈልገው ነበር። አልቅሺ እላት ነበር፣ ልጄ አልቅሺ፣ አትተዪ።

ብዙ ሳንርቅ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። አዳነ አቁሞ ወረደ። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲከፍተው የፈላው ውሃ ክንዱን ጠበሰው፤ ያ ጠባሳ ዛሬም አለበት። አንዱን ጂርካን አፈሰሰባት፣ እየተንጫጫች ጠጣችው። ሄድን። እንደገና ፈላች። ሁለተኛውን አፈሰሰ። ከንፈሩ ተሰንጥቆ ነበር። የስቅለት ጾም ነው፣ ከማለዳ ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም።

«ጠጣ አንተ! ትወድቃለህ» አለው ዓም ኢድሪስ።

«ለሷ ነው» አለ አዳነ። ለልጅቷ ይሁን ለመኪናዋ አልጠየቅሁትም።

ለሦስተኛ ጊዜ ስንቆም ጂርካኖቹ ባዶ ናቸው። በዙሪያችን ዛፍ የለም፣ ቤት የለም። አዳነ ከፊቷ ተንበርክኮ እጁን ራዲያተሩ ላይ አደረገ። ቆየና ቢላውን አውጥቶ መፋቅ ጀመረ። ቅጭጭ፣ ቅጭጭ የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

«ምንድነው የምትፍቀው?» አለ ዓም ኢድሪስ ከውስጥ።

አዳነ መፋቁን ቀጠለ።

«ያ አዳነ፣ ምንድነው?»

«ቀለሙን» አለ አዳነ። «ቀለሙ ነው፣ ዓም ኢድሪስ። ደፍነናታል። ነፋስ አይገባትም።»

ዓም ኢድሪስ እጁን ወደ ጺሙ አመጣ። እነዚያን ቀለሙን «ገና ሻካራ ነው» ያሉ ጣቶቹን አየኋቸው፤ ጭኑ ላይ አጠፋቸው።

አዳነ ወደ መስኮቱ መጣ። ዓይኑ እኔ እጅ ያለችው ኮዳ ላይ አረፈና ወዲያው ሸሸ። «ብንጠብቃት ትበርዳለች» አለ። «እስከ አሥር ሰዓት ድረስ፣ ነፋሱ እስኪለዝብ ብንጠብቅ ቀስ እያልን እንደርሳለን። አሁን ያለ ውሃ ከነዳኋት ግን ሞተሩ ያልቃል። አይመለስም።»

ይህን ሲናገር እኔ ሌላ ነገር ነው የሰማሁት። ምንም አለመስማቴን ነው የሰማሁት።

«ዝም አለች» አልኩ።

«ማን? ሞተሯ?» አለ ዓም ኢድሪስ።

«ልጅቷ።»

አዳነ ፊቱ አመድ ሆነ፤ ይርጋን የተሸከመበት ትከሻው ወደ ታች ሲወድቅ አየሁት። ዓም ኢድሪስ በርጋታ፣ የሻይ ስኳር እንደሚጠይቅ ሰው፣ «ግባ። ንዳ» አለው።

«ትቃጠላለች፣ ዓም ኢድሪስ።»

«አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ የማውቃት? አውቃለሁ። ግባ። እስክትቆም ንዳ። ስትቆም እንወርዳለን።»

አዳነ ገባ። ነዳ።

ያንን መንገድ እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም አልኳት ዘነበችን። አንቺ ጭኔ ላይ እንደ ጨርቅ ተጋድመሻል። ከንፈርሽን በውሃ አርሳለሁ፣ ጆሮዬን አፍንጫሽ ላይ አደርጋለሁ፣ ትንፋሽሽ አለ፣ የለም፣ አለ። ዓም ኢድሪስ አንድ እጁን ከፊቱ ባለው የመኪናዋ ብረት ላይ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ በአንቺ እግር ላይ አድርጎ ነበር። በመዳፉ ሁለታችሁንም ያዳምጣል። ዓይኑ ተከፍቶ ወደ ፀሐዩ ነው የሚያየው።

«አሁን ዘይቷ ቀጠነ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ፣ «አሁን መምታት ትጀምራለች። አትፍራ፣ እግርህን አታንሣ።» እውነትም ከሞተሩ ውስጥ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ የመሰለ ድምፅ መጣ። የተቃጠለ ዘይት ሽታ ዓይናችንን አቃጠለው። ያ የሚያምር ጉርምርምታ ጠፍቶ፣ የሚያቃስት፣ የሚፈጭ ነገር ሆነ። ስንት በጋ ሰሌን ላይ ዘርግተው፣ በእኔ ሳፋ አጥበው፣ አንድ በአንድ የገጠሙት ሁሉ ከኮፈኑ ሥር እርስ በርሱ ሲበላላ ይሰማኛል። አዳነ እየነዳ ያለቅስ ነበር። ዓም ኢድሪስ «ሰብር፣ ሰብር» ይላል፤ ትዕግሥት ማለቱ ነው። ለማን እንደሆነ እንጃ። ለሁላችንም ይመስለኛል።

የገዳሪፍ የእህል ጎተራ ከሩቅ ነጭ ሆኖ ታየ። «ጎተራው ታየ!» ብዬ ጮህኩ። ወደ ከተማው መግቢያ፣ የመጀመሪያዎቹን ቤቶች እንዳለፍን፣ ከሞተሩ አንድ ከባድ ድምፅ መጣ። እንደ በር ተቆለፈ። መኪናዋ በያዘችው ኃይል ትንሽ ተንሸራተተችና ከመንገዱ ዳር ቆመች። አዳነ ቁልፉን አዞረ፤ አልደገመውም።

ዓም ኢድሪስ እጁን ከአንቺ እግር ላይ አነሣ። «ወርዳችሁ ሂዱ። እኔ ከሷ ጋር እቆያለሁ።»

አንዲት ረክሻ፣ ባለ ሦስት እግር ባጃጅ፣ ስታልፍ አዳነ መንገዷ ላይ ቆሞ አስቆማት። ልጁ ሾፌር ፊቴን አይቶ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ አዞረ። ዘወር ብዬ ሳይ ዓም ኢድሪስ ቀዩዋ መኪና ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ጢሱ ከፊቱ ይወጣል፤ ሩቅ አገር እየሄደ ያለ ሰው ይመስል ነበር።

ሆስፒታሉ ውስጥ መርፌው ደም ሥር አጣ። እጇን ሞከሩ፣ እግሯን ሞከሩ፣ በመጨረሻ አንዲት ነርስ ከልጅቷ አናት ላይ አገኘችው። ውሃው ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ጠብታውን እያየሁ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እየጀመርኩ መጨረሻውን እየረሳሁ ቆየሁ። አዳነ በር ላይ ቆሟል፤ የተጠበሰ ክንዱን ማንም አላየለትም፣ እሱም አላሳየም። ወደ አመሻሹ ላይ ዘነበች ተንቀሳቀሰች። ዓይኗን ገለጠች። መርፌውን ለመንቀል እጇን ሰደደች፤ ነርሷ ስትይዛት ተቆጥታ አለቀሰች። ከቀኝ ዓይኗ አንዲት እንባ ወጥታ ወደ ጆሮዋ ወረደች። በጣቴ ነካኋት። ሙቅ ናት። ቀመስኳት፤ ጨው ናት።

አዳነን ከሷ ጋር ትቼ ወደ መኪናዋ ሄድኩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ስደርስ መኪናዋ ዙሪያ ሽማግሌዎች ትናንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ዓም ኢድሪስ ያሰባቸው የድሮ ሾፌሮች ናቸው። ሰው ወሬውን ገበያ አድርሶላቸው መጥተዋል። ከሩቅ ድምፅዋን ሰምተው «ኢድሪስ መጣ» ሊሉ የነበሩት፣ የደረሱት ድምፅዋ ከጠፋ በኋላ ነው።

ዓም ኢድሪስ እርምጃዬን ለየው። «አንተ ኡም ዘነበች ነህ?»

«አዎ፣ ዓም ኢድሪስ። ደርሰናል። ልጅቷ አለቀሰች፣ በእንባ አለቀሰች። ድናለች።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። ሽማግሌዎቹም ተቀባበሉት። ከዚያ «እጅህን አምጣ» አለኝና መዳፌን ይዞ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠው። ያን ሁሉ ሰዓት ቆማ አሁንም ትሞቃለች። ነፍሱ ገና እንደወጣ ሰው ገላ። ዓም ኢድሪስ የራሱን እጅ ከእኔ እጅ ጎን አድርጎ፣ እስክትበርድ ድረስ አላነሣውም። እኔም አላነሣሁም።

ያንን ሞተር ማንም ሊያላቅቀው አልቻለም። በተሳቢ ጎትተን መለስናት፤ ኒሙ ሥር እንደገና ብሎኬት ላይ ቆመች። ዓም ኢድሪስ የገመድ አልጋውን አልቀየረም፣ አንድ ቀንም ስለሷ አላነሣብንም። ዘነበች ድክ ድክ እያለች ስትመጣ ጉንጯን ይዳብስና፣ «እርጥብ ነው፣ ጥሩ ነው» ይል ነበር፤ ብዙ ጊዜ እርጥቡ ንፍጥ ነው። ዝናቡ ሳይወጣ ታሞ ሞተ። ለኢድ አልደረሰም። ዘመዶቹ መኪናዋን ለብረት ሰጧት፤ ኮፈኗን አዳነ ለምኖ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ አዳነ ትራክተሩን ብቻ ነው የሚነካ፤ እሱንም ስለ እንጀራው ነው። ቀለም የሚባል ነገር ቤታችን ውስጥ አይወድም፤ በሩን እንኳ እንዳለ ነው የተወው።

ድሮ ዓም ኢድሪስ፣ እንደዚያ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ መኪናዋን እንዲያ ሲዳስሳት፣ ሰው ብረትን እንዴት እንደዚህ ይወዳል እል ነበር። አሁን ግን የሚገርመኝ፣ እንደዚያ እየወደዳት «እስክትቆም ንዳ» ማለቱ ነው። እኔ ሁለት ልጅ በአንድ ዓይነት ሕመም ይዤ ሮጫለሁ። አንዱ ቀረ፣ አንዷ ደረሰች። ሐዘኑ አይወጣልኝም፤ ለይርጋም፣ ለዚያ ሽማግሌም። ደስታዬም ያለ ሐዘኑ አይመጣም።

ዘነበች ስልኳን ጭኗ ላይ ገለበጠችው። በሩን አሻግረን ስናይ አባቷ ፍየሎቹ ቤት አጠገብ ቆሟል። ያን ጠባሳ ያለበትን ክንዱን ዘርግቶ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አድርጎታል። በዚያ ፀሐይ መቼም ብረቱ ይፋጃል። አላነሣውም።

«ከዚያስ፣ እማ?» አለችኝ፣ መጨረሻውን ሰምታው ሳለ።

«ከዚያማ ደረስን» አልኳት። «አንቺም ዳንሽ። ይኸው ደህና ነን።»